ከሴፍቲኔት «ተመረቀ» ሲባል፣ ማን ነው የተመረቀው?

በባደዋቾ ወይ በሻሾጎ ገጠር «እነ እገሌ ተመረቁ» ሲባል ከሰማችሁ፣ ጋዋን የለበሰ ሰው አትፈልጉ። ቤተሰቡ ከሴፍቲኔት ወጣ ማለት ነው።

ልማታዊ ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ የገጠር መንገድ ይጠግናል፣ ከዚያ ብር ወይ እህል ይከፈለዋል። አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይደገፋል። በጥቂት ዓመታት ብዙው ሰው ራሱን ችሎ ይወጣል ተብሎ ነበር። በ2013 የጀመረው አምስተኛው ዙርም ግን በአገር ደረጃ የታቀደው ለ8 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነው።

ለምን? ሕዝቡ ሰንፎ አይደለም። ሀዲያና ከምባታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰው ብዙ ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ለአንዱ የሚደርሰው ከእንሰት ጓሮ ብዙም አያልፍም። «ምርቃት» ሲወሰን ደግሞ የሚታየው የቤተሰቡ ሀብት ነው። 12ኛ ጨርሶ ቤት የተቀመጠው ልጅ ሥራ ይኑረው አይኑረው አይመዘንም። ስለዚህ ቤቱ ይመረቃል፤ ልጁ በሆሳዕና አድርጎ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ያስባል።

ሴፍቲኔት ረሃብን ይይዛል፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ሥራ ግን አይተካም። የተመራቂ ቁጥር እንደ ድል ሲነገር «ልጆቹስ የት ናቸው?» ብለን መጠየቅ አለብን።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙ፦ ቤተሰባችሁ ያለአግባብ ከዝርዝሩ ከወጣ፣ ቀበሌ ላይ ከመራጮቹ የተለየ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ለእናት ለአባታችሁ ንገሯቸው።