ከስታዲየሙ የሚወጣው ሕዝብ በምን ይሂድ?



በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ትልቅ ጨዋታ ያለበት ቀን እንደ ሌላው የከተማ ሰው የደስታ ቀን ብቻ ሆኖ አያልፍም። ደስታውንማ እንካፈላለን። ግብ ሲገባ ጩኸቱ ቤታችን ድረስ ይመጣልና ማን እንዳገባ ለማወቅ ራዲዮ መክፈትም አያስፈልገንም። ችግሩ የሚጀምረው ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በኋላ ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲገባ የቆየው ሕዝብ በሩብ ሰዓት ውስጥ ግር ብሎ ይወጣል። መኪናው ይቆማል፣ ጡሩምባው ይጮኻል፣ እግረኛው አስፋልት ላይ ይፈስሳል። ከሰፈር መውጣት ወይም ወደ ሰፈር መግባት የፈለገ ሰው ሕዝቡ እስኪያልቅ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ጉዳይ በየቡናው ላይና በየዕድሩ ብዙ ሲወራ እንሰማለን። አብዛኛው ሰው መፍትሔው መኪና ማቆሚያ መሥራት ነው ይላል። እኛ ግን ከዚህ የተለየ አስተያየት አለን። ስታዲየማችን የጎደለው የመኪና ማቆሚያ ሳይሆን ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከስታዲየሙ በር እስከ ባቡሩና እስከ አውቶቡሱ የሚያደርስ ንጹሕ የእግር መንገድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከጨዋታው በኋላ ላለው አንድ ሰዓት የሚሆን ዝግጅት። ነገሩን በቁጥር እንየው።

ስታዲየሙ እስከ 35,000 ሰው ይይዛል ሲባል የኖረ ነው። እኛ ግን ቁጥሩን ዝቅ እናድርግና አንድ ቀን 20,000 ሰው ገባ ብለን እናስብ። ይህ ሁሉ ሰው በቤት መኪና ለሁለት ለሁለት ሆኖ ቢመጣ 10,000 መኪና ያስፈልጋል ማለት ነው። ሰኔ 2013 ዓ.ም. ታድሶ በተከፈተው በመስቀል አደባባይ ሥር ያለው ማቆሚያ የሚይዘው 1,400 ያህል መኪና ነው። ስለዚህ እንደርሱ ያለ ሌላ ከስድስት በላይ ማቆሚያ መቆፈር ሊኖርብን ነው። ቆፈርነው እንበል፤ ታዲያ ያ ሁሉ መኪና ፊሽካው እንደተነፋ በየትኛው መንገድ ሊወጣ ነው? በሚኒባስ ታክሲ እናድርገው ቢባልም አንዱ ሚኒባስ 12 ሰው ሲጭን ከ1,600 በላይ ጉዞ ይጠይቃል። በከተማ አውቶቡስ ከሆነ ግን፣ የተቀመጠውም የቆመውም ተደምሮ አንዱ 100 ሰው ቢወስድ፣ 200 ጉዞ ይበቃል። በባቡር ሲሆን ደግሞ አንዱ 250 ሰው ቢጭን 80 ጉዞ ብቻ ነው። እንግዲህ ከመኪናው ወደ አውቶቡሱ፣ ከአውቶቡሱ ወደ ባቡሩ በሄድን ቁጥር ጭንቀታችን እየቀለለ ይመጣል።

በዚህ ረገድ ስታዲየማችን የታደለ ነው። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር፣ በሁለቱ መሥመሮች ከተዘረጋው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ መካከል ሁለቱም መሥመሮች የሚገናኙት እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውም፣ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄደውም በስታዲየም ጣቢያ ያልፋል። ከስታዲየም በለገሐር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አድርገው እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ይህ ማለት ከአንድ ጣቢያ ላይ በአራት አቅጣጫ መሄድ ይቻላል ማለት ነው። በምሳሌያችን ካሉት 20,000 ሰዎች ግማሹን ባቡሩ ቢወስድ 40 ጉዞ ያስፈልጋል፤ ይህ ለአራቱ አቅጣጫ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ጉዞ ይደርሰዋል። በየአቅጣጫው በ6 ደቂቃ አንድ ባቡር ቢነሣ ሥራው በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃል። የቀረው ግማሽ በአውቶቡስ፣ በታክሲና በእግሩ ይሄዳል።

«ይኼማ በወረቀት ላይ ነው፤ ባቡሩ የት አለና?» የሚለን አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። መሥመሮቹ ሥራ ሲጀምሩ 41 ባቡሮች የነበሩ ሲሆን በኋለኞቹ ዓመታት በመለዋወጫ ዕጥረት ብዙዎቹ ቆመው እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ነው በባቡሩ ላይ ብቻ እንተማመን የማንለው። ባቡሩ ባነሰ ቀን አውቶቡሱ መብዛት አለበት። ይህን ደግሞ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማሰብ አይቻልም። የጨዋታው ቀን የሚታወቀው ከሳምንታት በፊት ስለሆነ የአውቶቡሱም ቁጥር ያኔውኑ ሊወሰን ይችላል።

ሌላም የሚባል ነገር አለ። «ድሮ ሰዉ በእግሩ መጥቶ በእግሩ ይሄድ አልነበር?» ይላሉ አንዳንድ አባቶቻችን። እውነት ነው፣ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ በዚሁ ሜዳ ስትወስድ፣ ከዚያም በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩ ወደ አገራችን ሲመለስ፣ ከስታዲየም ወጥቶ በእግር ቤት መድረስ ለብዙው ሰው የተለመደ ነበር። ከተማዋም ትንሽ ነበረች። ዛሬ ግን ካታንጋና ሚስማር ተራ ሆኖ የሚጨፍረው ወጣት የሚመጣው ከአያት፣ ከጀሞ፣ ከቃሊቲ፣ ከኮልፌና ከሰሚት ነው። ጨዋታው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ቢጀመር የሚያልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ ከቢሮ ወጥቶ ታክሲ የሚሰለፍበት፣ ቀኑም የሚመሽበት ሰዓት ነው። ስለዚህ የኳሱ ተመልካችና የቢሮው ሠራተኛ በአንድ ሰልፍ ላይ ይጋፋሉ። ታክሲ ያጣው ልጅ በጨለማ ይኳትናል፤ እናቱም በር በሩን እያየች ታመሻለች። እንግዲህ ነገሩ የእኛ የስታዲየም ሰፈርተኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጁን ኳስ የሚልክ ቤት ሁሉ ጉዳይ ነው።

በቦሌ በኩል ግንባታው በ2008 ዓ.ም. የተጀመረውና ከ60,000 በላይ ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም አለ፣ ትልልቁ ጨዋታ ወደዚያ ይሄድልናል የሚሉም አሉ። ይሂድ፣ ደስ ይለናል። ነገር ግን ባቡሩ ደጁ ላይ የሚቆምለት የእኛው ነው። በባቡሩ መሥመር ላይ «አደይ አበባ» የሚባል ጣቢያ ቢኖርም እርሱ በቃሊቲው መሥመር ከሳሪስ ቀጥሎ ያለው እንጂ አዲሱ ስታዲየም አጠገብ ያለ አይደለም። ስሙን አምኖ የወረደ እንግዳ ኳሱን ሳያይ ይቀራል። ያም ሆነ ይህ፣ የክለቦችም ሆነ የወጣቶች ጨዋታ ከዚህ ሜዳ ፈጽሞ አይጠፋም፤ የእኛም ጥያቄ በዚያው ይቀጥላል።

ስታዲየም ሲባል ሁልጊዜ የሚታየን ሣሩ፣ ወንበሩና መብራቱ ነው። ሜዳችን መለኪያውን አላሟላም ተብሎ ምን እንደደረሰብን አይረሳም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ጨዋታው «በሜዳችን» ተብሎ የተቆጠረ ቢሆንም የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በዚያ ቀን ጥላ ፎቅ ቁጭ ብሎ ማጨብጨብ የነበረበት ሕዝብ በቴሌቪዥን አየ። እንዲህ ያለው ድል በገዛ ሜዳችን ሲሆን ማየት እንፈልጋለን። ታዲያ ለሣሩና ለወንበሩ ይህን ያህል ከታሰበ፣ ያን ወንበር የሚሞላው ሰው እንዴት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚመለስም አብሮ መታሰብ አለበት ባዮች ነን።

ይህን ማድረግ ከአቅም በላይ አይደለም። ለደመራ በዓልም ሆነ ለታላቁ ሩጫ በመስቀል አደባባይ ስንት ሕዝብ እንደሚሰበሰብ እኛ ጎረቤቶቹ እናውቃለን። ያን ጊዜ የሚዘጉት መንገዶችና ተለዋጭ መንገዶቹ በፖሊስ አስቀድመው ይነገራሉ፤ ሰዉም ያንን ሰምቶ ይዘጋጃል። ለበዓልና ለሩጫ የሚደረገው ለኳስ ጨዋታ የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ማኅበራችን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚያቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው፦

አንደኛ፣ ከስታዲየሙ በሮች ወደ ስታዲየም ጣቢያና ወደ ለገሐር የሚወስዱት መንገዶች በጨዋታ ቀን ለእግረኛ ብቻ እንዲተዉ። በኮሪደር ልማቱ በብዙ የከተማችን ቦታዎች የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ የሰፋው መንገድ በጨዋታ ቀን መኪና እንዳይቆምበት መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕዝቡ በሙሉ ወደ አንድ ጣቢያ እንዳይጎርፍ እንዲከፋፈል። አያት ወይም ቃሊቲ የሚሄደው ወደ ስታዲየም ጣቢያ፣ ጦር ኃይሎች ወይም ፒያሳ የሚሄደው ወደ ለገሐር እንዲያመራ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፤ በድምፅ ማጉያም ይነገር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛ፣ ጨዋታው ከማለቁ ከ20 ደቂቃ በፊት ባዶ አውቶቡሶች ለገሐር ቆመው እንዲጠብቁ። በተለይ ባቡር ለማይደርስላቸው ለጀሞ፣ ለኮልፌና ለሰሚት ሰዎች ቅድሚያ ይሰጥ።

አራተኛ፣ ታክሲዎች በየአቅጣጫው የታወቀ ቦታ ተሰጥቷቸው በተራ አስከባሪ እንዲጭኑ። መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» እያሉ መጥራት ለማንም አልጠቀመም።

አምስተኛ፣ ወደ ሰፈራችን ከሚያስገቡት መንገዶች ቢያንስ አንዱ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና ምንጊዜም ክፍት እንዲሆን። ምጥ የያዛት እናት ጨዋታው እስኪያልቅ ልትጠብቅ አትችልም። ከአምስቱ አሳቦች አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው።

ከዚህም ሌላ የጣቢያው አሳንሰርና ተንቀሳቃሽ ደረጃ በጨዋታ ቀን መሥራቱ አስቀድሞ ቢረጋገጥ፣ በምርኩዝ የሚሄዱና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ወገኖቻችንም ኳስ የማየት መብታቸው በተግባር ይከበር ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌላውን ብቻ አድርጉ ማለት አይበቃምና። በጨዋታ ቀን በየቅያሱ «እዚህ አቁም፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ» እያልን ሃምሳም መቶም ብር የምንቀበል አለን። ብሩ ለአንዱ ቤት ይጠቅም ይሆናል፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን የሚጎዳው ሰፈሩ በሙሉ ነው። በእግረኛው መንገድ ላይ ሻይና ቆሎ የምትሸጡ እናቶችና እኅቶችም እንጀራችሁ እንዲቋረጥ ማንም አይፈልግም፤ ነገር ግን ሰው ከሚተላለፍበት ጥቂት እልፍ ብላችሁ ብትቀመጡ ለእናንተም ገበያው ይበልጥ ይደራል። ወጣቶቻችን ደግሞ የሰፈሩን መውጫና መግቢያ ከማንም በላይ የሚያውቁ ናቸው። በጨዋታ ቀን ከትራፊክ ፖሊስ ጎን ቆመው እንግዳውን በዚህ በኩል ሂድ፣ በዚያ በኩል ውረድ ቢሉት ትልቅ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው አዲስ ድልድይ ወይም አዲስ ሐዲድ የሚጠይቅ አይደለም። ሐዲዱ አለ፣ ማቆሚያውም አለ፣ አውቶቡሱም ይብዛም ይነስ አለ። የጎደለው እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰዓት ላይ አገናኝቶ የሚያሠራ ሰውና አስቀድሞ የተጻፈ ዕቅድ ነው። ስለዚህ የስታዲየሙ ኃላፊዎች፣ የባቡሩና የአውቶቡሱ ድርጅቶች፣ የትራፊክ ፖሊስና የእኛ የነዋሪዎቹ ተወካዮች ከትልቅ ጨዋታ በፊት ለአንድ ሰዓት እንኳ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ አጥብቀን እናሳስባለን።

እናንተም ውድ ነዋሪዎች፣ በየቤታችሁ ያያችሁትን ችግርና ይሻላል የምትሉትን አሳብ በጽሑፍ አድርጋችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድታስገቡ እንጠይቃለን። መጻፍ የማይመቸው ሰው መጥቶ በቃል ቢነግረን እኛው እንጽፍለታለን። የትኛው ቅያስ እንደሚዘጋ፣ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ ስንት መኪና እንደሚቆምበት ከእናንተ የተሰበሰበ ማስረጃ ይዘን ስንቀርብ የሚሰማን እናገኛለን።