ሜዳችንን ተዉልን



ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ በቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ የተጻፈ ስለ ነበር ልጆቻችን አነበቡልን። በብሎኮቻችን መካከል በሚገኘው «ጥቅም ላይ ያልዋለ ባዶ መሬት» ላይ አራት የፒክልቦል መጫወቻዎች በሲሚንቶ ተሠርተው፣ በሽቦ ታጥረው፣ ለኅብረተሰቡ አገልግሎት እንደሚውሉ ይገልጻል። ልጆቹ አንብበው ሲጨርሱ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ባዶ መሬት ያሉት የቱን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሜዳው መሆኑ ሲነገራቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዝም አሉ። እኛ ግን ዝም ማለት አልቻልንም።

ይህን የምንጽፈው በሜዳው ዙሪያ የምንኖር የካኩማ ስደተኞች ነን። ሥራውን ያመጣውን ድርጅት ስም አንጠራም፤ ጠባችን ከአሠራሩ ጋር እንጂ ከስሙ ጋር አይደለምና።

ሜዳው እውነት ባዶ ነው ወይ? ይህን ለመመለስ አንድ ቀን ውሎ ማየት ይበቃል። ማለዳ ፀሐይ ሳትበረታ ተማሪዎች አቋርጠውት ያልፋሉ። ረፋዱ ላይ የቱርካና ሴቶች ማገዶና ከሰል ተሸክመው መጥተው በሁለቱ የኒም ዛፎች ሥር ያወርዳሉ፤ ግብይቱም እዚያው ይፈጸማል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ አቧራውን ቢያነሣውም፣ የሶማሌው፣ የኮንጎው፣ የደቡብ ሱዳኑና የኛው ልጆች ተደባልቀው የጨርቅ ኳስ ይራገጣሉ። ሲመሽ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ የተጣላ ይታረቅበታል። በኢድ ቀን ሙስሊሞቹ ይሰግዱበታል፤ በጥምቀት ክርስቲያኖቹ ይዘምሩበታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚውለውን መሬት «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብሎ የጻፈው ሰው፣ ወይ ከመኪናው አልወረደም፣ ወይ የወረደው ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ በገባበት ሰዓት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነው። ቤቶቻችንን ታውቋቸዋላችሁ፤ አልጋና ምድጃ ከገባባቸው ለሦስት ሰው መቀመጫ አይተርፍም። ከአገር ቤት መርዶ ሲመጣ ድንኳኑ የሚተከለው፣ ዕድሩ ሰሌኑን የሚዘረጋው፣ ንፍሮው የሚቀቀለው በሜዳው ላይ ነው። ስንቶቻችን ነን የእናታችንን ሞት፣ የአባታችንን ቀብር እዚህ ሆነን በስልክ የሰማን? መቃብር ላይ መቆም ለቀረበት ሰው፣ ጎረቤቶቹ ከብበውት ሦስት ቀን የሚቀመጥበት መሬት ምን ማለት እንደ ሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። በሲሚንቶ ላይ የድንኳን ካስማ አይተከልም። የአጥሩንም ቁልፍ የያዘው ዘበኛ፣ መርዶ በሌሊት ሲመጣ ከየት ተፈልጎ ይገኛል?

አሁን ደግሞ ስለ ጨዋታው እንናገር። አናውቀውም ብለን አናጣጥለውም። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በጋ፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ ከሲያትል ከተማ ማዶ ባለችው በቤንብሪጅ ደሴት ነው። ጆኤል ፕሪቻርድ የሚባሉ የሕዝብ እንደራሴና ወዳጃቸው ቢል ቤል ልጆቻቸው የሚሠሩት አጥተው ሰልችቷቸው አገኟቸው። በግቢው ውስጥ የባድሜንተን መጫወቻ ነበር፤ ዕቃው ግን አልተሟላም። ስለዚህ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬትና ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ኳስ አንሥተው ጨዋታውን ጀመሩ፤ ባርኒ ማካለም የሚባሉ ሌላ ወዳጃቸውም ገብተውበት ደንቡን አብረው አወጡለት። ታሪኩን ስንሰማ ወደድነው። ልብ በሉ! ያንን ጨዋታ ለነዚያ ልጆች ድርጅት አላመጣላቸውም። አባቶቻቸው በገዛ ግቢያቸው፣ በእጃቸው በተገኘ ዕቃ ፈጠሩላቸው። የኛ ልጆችም አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ሞልተው፣ በሲባጎ አስረው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ታዲያ የነሱን ፈጠራ አክብሮ የኛን ልጆች ፈጠራ ከሜዳው ማባረር ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

በልክም እንነጋገር። አንዱ መጫወቻ በመስመሩ ብቻ 6.1 በ13.4 ሜትር ነው፤ ተጫዋቹ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ዙሪያ ሲጨመርበት 9 በ18 ሜትር ግድም ይሆናል። አራቱ 650 ካሬ ሜትር ያህል ይይዛሉ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ቢበዛ 16 ሰዎች ናቸው። ኳሷ 25 ግራም ያህል የምትመዝን፣ ዙሪያዋ የተበሳሳ ፕላስቲክ ናት። የካኩማን ነፋስ የምታውቁ ፍረዱ! ራኬቱ ሲሰነጠቅ፣ መረቡ ሲበጠስ ምትኩ ከየት ይገዛል? የጨርቅ ኳስ ሲቀደድ መርፌና ክር ይበቃዋል። ራሽን በተቀነሰበት ዘመን፣ የእናቶች ሐሳብ ሁሉ የነገው ዱቄት በሆነበት ሰዓት፣ አራት የሲሚንቶ መጫወቻ ይዞ መምጣት «ካልጠገቡ አይዘሉ» ያሉትን አባቶች ያስታውሰናል።

«መሬቱ ትርፍ ነው» ለሚሉን ደግሞ የራሳቸውን መመዘኛ እንጠቅስላቸዋለን። ስፊር የሚባለው፣ የርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት መጽሐፍ፣ በካምፕ ውስጥ ለአንድ ሰው ቢያንስ 45 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል ይላል። ይህ ልክ ቤቱን ብቻ አይደለም የሚቆጥረው፤ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገበያውንና የጋራ መዋያውን ጭምር ነው። ስለዚህ ሜዳ ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ የተረፈ ቁራሽ ሳይሆን ከድርሻችን ውስጥ የተቆጠረ መሬት ነው። ይኸው መመዘኛ በየ300 ሜትር የቤት ድርድር መካከል 30 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ቦታ ለእሳት መከላከያ እንዲተው ያዝዛል። በከሰልና በእንጨት የምናበስል፣ ቤታችን የተጠጋጋ ሰዎች ነን። ሲሚንቶ አይቃጠልም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሌሊት እሳት ቢነሣ ልጅ ያዘለች እናት የምትሸሸው ወደ ክፍት ሜዳ ነው እንጂ ወደ ተቆለፈ የሽቦ አጥር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሦስት ተቃውሞ ሰምተናል። አንዱንም ሳንደብቅ እንመልሳለን።

የመጀመሪያው፣ «የስፖርት ጠላቶች ናችሁ» የሚል ነው። አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የስደተኞች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ ከዚሁ ከካኩማ የወጡ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ነበሩ። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ባንዲራውን የያዘችው ሮዝ ናቲኬም ከነሱ አንዷ ናት። ከዚያው ቡድን ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ የማራቶን ሯጭም ነበረ። እነዚያ ልጆች መሮጥ የጀመሩት በዚህ አቧራ ላይ ነው። ክፍት መሬት ለስፖርት ያለውን ዋጋ ከካኩማ ሰው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፒክልቦልን መማር የሚፈልጉ ወጣቶች እንዳሉም እናውቃለን፤ እናከብራቸዋለንም። ጥያቄአችን ለምን ይጫወታሉ አይደለም፤ ለምን በዚህ ሜዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ «ስጦታ አይመለስም፤ ከመለስነው ሌላ አይመጣም» የሚል ነው። የሚሉትም የሚፈሩ እንጂ የሚጠሉን አይደሉም። እኛም ውለታ ቢሶች አይደለንም። የምንጠጣው ውኃ፣ ልጆቻችን የሚማሩበት ክፍል በሰው ርዳታ የመጣ መሆኑን አንረሳም። ነገር ግን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይባላል። ሰጪው ለሚሰጠው ሰው ምን እንደ ጎደለው ሳይጠይቅ፣ ያለውን ወስዶ ያልለመነውን ካስታቀፈው፣ ያ ልውውጥ ነው፤ የከሰረውም ተቀባዩ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። «ዝም በሉ፤ ፋይላችሁ ይበላሻል» ይሉናል። ይህን ፍርሃት አንንቀውም፤ እኛም ውስጥ አለ። ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ዓመታት የጠበቀ ሰው፣ በአንድ ፊርማ ምክንያት የሚቀርበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ስለ መኖሪያ ሠፈር በትሕትና መጠየቅ ወንጀል ከሆነ፣ ፋይሉ ቀድሞውንም የሰው ፋይል አልነበረም ማለት ነው።

ደግሞም ይህን የመሰለ ጥያቄ በዚህ አገር ስንነሣበት የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1989 በናይሮቢ መካከል በሚገኘው በኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ያለው ሕንፃ ሊሠራ ታቅዶ ነበር። ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ተቃውመው ለባለ ሥልጣናቱም ለውጭ ሰዎችም ደብዳቤ ጻፉ። በምክር ቤት ተሰደቡ፤ ሴት ሆነሽ ወንዶችን አክብረሽ ዝም በዪ ተባሉ፤ የሚመሩት የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄም ከቢሮው እንዲወጣ ተደረገ። በመጨረሻ ግን ገንዘብ አቅራቢዎቹ አፈገፈጉ፤ ሕንፃው ቀረ፤ ፓርኩ ለናይሮቢ ሕዝብ ተረፈ። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። እሳቸው የአገሩ ዜጋ ነበሩ፤ እኛ እንግዶች ነን፤ መሬቱም የቱርካና ሕዝብ መሬት ነው። ነገር ግን እንግዳም ቢሆን የተኛበትን ቁርበት ከሥሩ ሲስቡበት «ቆዩ» ይላል። እዚህ ላይ ደግሞ ባለ አገሩም አልተጠየቀ፤ ከሰል የሚሸጡት የቱርካና ሴቶች ወሬውን የሰሙት ከኛ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ጃን ሜዳን እናስታውስ። በአዲስ አበባ የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት፣ ሯጮች የሚፎካከሩበት ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ። ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ነጋዴውም የዕለት እንጀራው ነው። ሆኖም ሜዳው ይመለስልን ተባለ፤ ገበያው ሌላ ቦታ ተሰጥቶት የ2021 ጥምቀት በጃን ሜዳ ተከበረ። ለወረርሽኝ እንኳን ሜዳ በውሰት ተሰጥቶ ከተመለሰ፣ ለፒክልቦል ለዘለቄታው በሲሚንቶ የሚደፈንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጨዋታው በተወለደበት በአሜሪካም ቢሆን፣ በብዙ ከተሞች ነዋሪዎች በሠፈራቸው መናፈሻ ውስጥ እንዳይሠራ ይቃወማሉ። የራኬቱ ጠጣር ድምፅ ዕረፍት ነሣን፣ ዛፋችንና ሣራችን አለቀብን ይላሉ። አንዳንዱ ይረታል፤ አንዳንዱ ይረታበታል። ሁሉም ግን በከተማው ሸንጎ ፊት ቆሞ ይናገራል። እኛ የምንለምነው ከዚያ ያነሰ ነው፤ መጀመሪያ ጠይቁን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ነዋሪውና የቱርካና ጎረቤቶቻችን በየቋንቋቸው በሚካሄድ ስብሰባ ሳይጠየቁ በሜዳው ላይ አንድ ችካል እንኳ እንዳይተከል።

ሁለተኛ፣ ሜዳው «ባዶ መሬት» መባሉ ቀርቶ በሠፈሩ ካርታ ላይ የጋራ ሜዳ ተብሎ እንዲጻፍ።

ሦስተኛ፣ መጫወቻው ለሚፈልጉት ወጣቶች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የፈረሰ መጋዘን ወለል ላይ እንዲሠራላቸው። እዚያ ሲሚንቶ ቀድሞ ፈስሷል፤ የሚያስፈልገው ቀለምና መረብ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ለሜዳው የታሰበው ሲሚንቶ በየቧንቧው ሥር ላለው ጭቃ እንዲውል። እናቶቻችን ጄሪካን አንሥተው ሲነሡ የሚያዳልጣቸው እዚያ ነው።

ይህን ያነበባችሁ፣ ወረቀቱን ሳትቀድዱ ለጎረቤት አስተላልፉ፤ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት፤ ሌላ ቋንቋ ለሚናገረውም ተርጉሙለት። የፊርማው ወረቀት ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በኒሞቹ ሥር ይቀመጣል። መፈረም የፈራም ይምጣ፤ መቀመጥ ብቻውን ይበቃል። የሚመጡት ሰዎች ከመኪናቸው ሲወርዱ ሜዳው ባዶ አለመሆኑን በዓይናቸው ይዩት።

ከሜዳው ዙሪያ ነዋሪዎች