ክንዱ አልነሣ ስላለው ሰው

ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ባለው አገር ሰው ከበቅሎ ወይም ከዛፍ ወድቆ ትከሻውን ሲታመም አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻን አንነቅፍም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የብዙዎችን ክንድና እግር ያቀና እርሱ ነውና። ነገር ግን በመጎተትና በቅቤ በማሸት የማይመለስ፥ በመዘግየትም የሚከፋ አንድ የትከሻ ጉዳት አለ፤ ይኸውም የጅማት መበጠስ ነው።

የክንድ አጥንት ራስ በቦታው ጸንቶ የሚኖረው እንደ እጅጌ በከበቡት በአራት ጡንቻዎች ጅማት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ክንድን ወደ ጎን የሚያነሣው የላይኛው ነው። ያን ጊዜ ሰውየው በሌላው እጁ ካልደገፈው በቀር ክንዱ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሌሊትም በዚያ ጎን መተኛት ይቸገራል። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይምና «ራጅ ተነሥቼ ደኅና ነህ ተባልሁ» ማለት አይበቃም፤ ጅማት የሚታየው በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ ነው።

የተበጠሰ ሁሉ ቢላዋ አያሻውም። በዕድሜ ሳስቶ የተቀደደ ጅማት ብዙ ጊዜ በእንቅስቃሴ ሕክምና ይሻለዋል። በውድቀት በድንገት የተበጠሰው ግን ፈጥኖ ለአጥንት ሐኪም ይታይ፤ ወራት ባለፉ ቁጥር ጡንቻው ወደ ኋላ ይሸሻል፥ ይከሳል፥ በስብም ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ቢሻም የሚስበው አያገኝም። ስለዚህ የደምበጫ ሰው ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ወይም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ እንዲላክ ይጠይቅ።

ይህን ጅማት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1909 ኮድማን የተባለ የቦስተን ሐኪም ሰፍቶ፥ በ1911 ስለ ሥራው ጽፏል። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፤ ሕመምተኛው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ የሸሸው ጅማት ተስቦ በጠንካራ ክርና በአጥንቱ ላይ በሚተከሉ ትንንሽ ችንካሮች ይታሰራል። ክሩ ግን መያዣ ብቻ ነው፤ ጅማትን ከአጥንት የሚያዋሕደው ጊዜ ነው። ስለዚህ ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በጨርቅ ከአንገት ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ሞፈርና መጥረቢያም 6 ወር ያህል ይጠብቃሉ።

ለገበሬ 6 ወር ምን ማለት እንደ ሆነ እናውቃለን። «አዝመራው ይሰብሰብና» እያለ የሚዘገየው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን ጎተራው ባዶ እንዳይቀር ፈርቶ ነው። ስለዚህ ጎረቤት በደቦ ማሳውን ቢያርስለት ከሐኪሙ ክር የሚያንስ ሥራ አይመስለንም።

አንድ ነገር እንጨምር። በምድር ላይ እጅን ተደግፎ መስገድ አዲሱን ስፌት ሊበጥሰው ይችላል፤ የታመመው ቀኝ ትከሻ ከሆነ ደግሞ ክንድን ወደ ግንባር አንሥቶ ማማተብ እንኳ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል። ይህን ሕመምተኛው አፍሮ እንዳይሸሽገው፥ ቤተ ሰቡ ለንስሐ አባቱ አስቀድሞ ይንገርለት።