ቆራሌው ሳይቀድመን

የቀድሞ ተማሪዎቼ ሰሞኑን በቴሌግራም የሚልኩልኝ ፎቶ በዝቷል። አንዱ የአያቱን ጋሻ፣ አንዷ ከእናቷ ሣጥን ያገኘችውን ብር፣ ሌላው ከመርካቶ ተከራክሮ የገዛውን የድሮ ሬዲዮ ይልካል። ከፎቶው ሥር ያለው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ይሄ ስንት ያወጣል?»

እኔ ታሪክ አስተማርኩ እንጂ ዋጋ ተምኜ አላውቅም። ሆኖም ጥያቄው ደስ ይለኛል። ቡራዩ ውስጥ የድሮ ዕቃ የሚሰበስብ ወጣት መጥቷል ማለት ነዋ! ችግሩ ልጆቹ ይህን ጥያቄ ይዘው የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም። ያለው ወይ ደላላ ነው፣ ወይ ቆራሌው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልል ነው የመጣሁት፦ በዓመት አንዴ፣ በግልጽ፣ ሕዝብ የሚገባበት የድሮ ዕቃ ትርዒት ያስፈልገናል። ደግሞም እዚሁ ቡራዩ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

በብሯ ልጀምር። ልጅቷ «1780 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ብላ ነው የላከችልኝ። ልክ ነው፣ 1780 ይላል። ግን ማርትሬዛ ሁሉ 1780 ነው የሚለው! የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ብሯ ግን በእኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ገበያ ተወዳጅ ስለነበረች ንግሥቲቱ ከሞተችም በኋላ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር መታተሟ ቀጠለ። ቪየና ታትማለች፣ ሮም ታትማለች፣ ለንደንና ቦምቤይም ታትማለች። ስለዚህ ያቺ ብር የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን ያየች ልትሆን ትችላለች፤ ጣሊያን ለወረራው ብሎ ያሳተማትም ልትሆን ትችላለች። የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፦ በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ባሉት ፈርጦች፣ በንስሩ የጅራት ላባ፣ በጠርዙ ጽሑፍ፣ በሚዛኗ። ትክክለኛዋ 28 ግራም ያህል ትመዝናለች። የድሮ ነጋዴዎቻችን እንኳ ፈርጡን አጥርተው ሳያዩ አይቀበሉም ነበር። የእኛ ዘመን ልጅ ግን ፈርጥ መኖሩንም አያውቅም፤ ማን ነግሮት?

ከአጠገቧ ደግሞ የምኒልክን ብር አስቀምጡ። ፓሪስ የታተመ፣ 1887 የሚል፣ ባንዲራ የያዘ አንበሳ ያለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በማጉያ መነጽር የሚያሳይ ሰው ፊት አምስት ደቂቃ መቆም፣ እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ወር ከምለፈልፈው ይበልጣል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ።

ቡራዩ እንዴት እንደተለወጠች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአስኮ ወጥታችሁ የአምቦን መንገድ ስትይዙ ድሮ እርሻና ባሕር ዛፍ የነበረው ዛሬ ግቢ ለግቢ የተያያዘ ነው። ከታ በሉት፣ አሸዋ ሜዳ በሉት፣ እስከ ገፈርሳ ግድብ ድረስ። አሁን የሸገር ከተማ አካል ሆነናል፤ ሰበታና ሱሉልታም እንደኛው። የድሮ ቤት ሲፈርስ ዕቃው የት ይሄዳል? ጋን ኮንዶሚኒየም አይገባም። የጠፍር አልጋ ለሙሽራ አይነጠፍም። ከአንድ ግንድ የተጠረበ በርጩማ ከሶፋ ጋር አይሄድም። የወተት ጮጮው በጢስ የታጠነበት ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ላሟ ግን የለችም። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ ሲመጣ፣ «ልዋጭ!» የሚለው ሲከተል፣ ግቢው ይጸዳል።

አንዲት ጎረቤታችን ከእናታቸው የወረሷቸውን ሁለት የቀንድ ዋንጫዎች በአንድ የፕላስቲክ ሳፋ ለወጡ። አልፈርድባቸውም። ሳፋው ልብስ ያጥባል፣ ዋንጫው አቧራ ይጠጣል። ዋንጫዎቹ ምን እንደሆኑ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቅበት ቦታም አልነበረም።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የእንግሊዙ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዶርሴት በሚባል የእንግሊዝ አውራጃ የቀንድ ዋንጫዎችና ቆዳ የለበሰ መጽሐፍ ቅዱስ ለጨረታ ሊቀርቡ ነበር። በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ግምታቸው ጥቂት መቶ ፓውንድ ነው፤ ለዚያ አገር ሰው ምንም ማለት አይደለም። ኤምባሲያችን ተቃውሞ ጻፈ፣ ዕቃዎቹ ከጨረታው ወጡ፣ በኋላም አንድ ፋውንዴሽን ገዝቶ ለንደን ላይ ለኤምባሲያችን አስረከበ። እዚያ ለቀንድ ዋንጫ አገር ደብዳቤ ይጻጻፋል፤ እዚህ በሳፋ ይለወጣል። የጎረቤቴ ዋንጫ ከዶርሴቱ በሥራ ያነሰ ላይሆን ይችላል እኮ! ልዩነቱ የዶርሴቱ ከየት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደወጣ ተጽፎለት መቆየቱ ነው። ዕቃ ታሪኩን ካጣ በኋላ ቀንድ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ያደርገዋል? ኔዘርላንድስ ውስጥ ማስትሪክት በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ የጥንታዊ ዕቃና የሥነ ጥበብ ትርዒት አለ። በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ነጋዴዎቹ እንዲወጡ ይደረግና ባለሙያዎች ዕቃውን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የተጻፈለት መግለጫ ትክክል ካልመሰላቸው ይታረማል፣ ወይም ዕቃው ይነሳል። ያ የሀብታም ገበያ ነው፣ ለእኛ አይሆንም ትሉ ይሆናል። እሺ። ቢቢሲ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ የሚያሳየው ፕሮግራም አለ፤ ተራ ሰው የቤቱን ዕቃ ተሸክሞ ይመጣል፣ ይሰለፋል፣ ባለሙያው መጀመሪያ «ይሄ እንዴት እናንተ ቤት ገባ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋው የሚነገረው መጨረሻ ላይ ነው። እኔን የማረከኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው።

እኛ ባዛር ብርቃችን አይደለም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ኤግዚቢሽን ማዕከል ይሞላል። ቴሌቪዥን፣ ጫማ፣ ምንጣፍ፣ የሽንኩርት መክተፊያ… ለሽንኩርት መክተፊያ ሁለት ሳምንት ከተገኘ ለአያቶቻችን ዕቃ ሁለት ቀን ይጠፋል?

ለምን ቡራዩ? ባለ ኮከብ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ቢደረግ ማን እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ብርጭቆ ይዞ የሚዞር ሰው ነው የሚመጣው። ዕቃው ያለው ግን እዚህ፣ በሰበታና በሱሉልታ ጓሮ ነው። ጋን ተሸክማ ቦሌ የምትሄድ እናት የለችም።

የማስበው እንዲህ ነው። የካቲት ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቅዳሜና እሁድ። ዕቃ ይዞ የመጣ ሰው በር ላይ አንድ ወረቀት ይሞላል፦ ምንድን ነው፣ የማን ነበር፣ ለምን ያገለግል ነበር። ወረቀቱ ከዕቃው ጋር ወደ ቤት ይመለሳል። ውስጥ ብር የሚያውቅ ሰው ይቀመጣል፣ ብራና የሚያውቅ ይቀመጣል፣ ከቅርስ ባለሥልጣን አንድ ባለሙያ ይጋበዛል። ስለ ጮጮና ስለ ጋን ግን ሙያተኛ ፍለጋ ዩኒቨርሲቲ መሄድ አያስፈልግም፤ የሰፈራችን አደዎች አሉ፤ እነሱ ይቀመጡ፣ እነሱ ያስረዱ፣ አበልም ይከፈላቸው። (አበሉን አስምሩበት። በነፃ የምናስለፋው ሁልጊዜ እናቶችን ነው።)

መሸጫም ይኑር፣ ለብቻው ጥግ ይዞ። ፋኖስ፣ ሲንጀር፣ የጽሕፈት መኪና፣ ሬዲዮ፣ ሸክላ፤ እነዚህ ይሸጡ፣ ይለወጡ። ከቅርስ ተርታ የሚገባ ነገር ግን ለመታየት ብቻ ይምጣ። የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ ብራና፣ ንዋየ ቅድሳት ለሽያጭ አይቀርብም። ሲንቄና ጫጩም እንደዚያው። አንድ ሰብሳቢ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሲንቄ ሰቅሎ «የኦሮሞ ዱላ» ብሎ ሲያስጎበኝ አይቻለሁ። ሲንቄ በሠርጓ ቀን ለሴት ልጅ የምትሰጥ፣ ክብሯና መብቷ የሚታይባት ናት፤ ያቺን በትር የያዙ ሴቶች ጠብ ያበርዳሉ። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል ብለን እንኮራለን፤ ሲንቄዋን ግን ዱላ እንላታለን። ትርዒቱ ላይ ሲንቄ የምትታይ ከሆነ በባለቤቷ እጅ ትታይ።

«ቲቸር፣ ሌባ ነው የምትጠራው» የሚል ተቃውሞ ከአንድ ወዳጄ ሰምቻለሁ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጂየም አንድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር፤ የተመለሰው በ2001 ነው። ዕቃ ባሳየን ቁጥር ዓይን እንደሚስብ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ያን መስቀል «የእኛ ነው» ብለን ለመከራከር ያስቻለን መልኩ በፎቶና በመጽሐፍ የታወቀ መሆኑ ነው። ማንም ያላየው፣ ፎቶ የሌለው፣ በመዝገብ ያልሰፈረ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መስቀል ቢጠፋ ምን ብለን ነው የምንጠይቀው? «የሆነ መስቀል ነበረን» ብለን? ሌባ ጨለማ ይመቸዋል። ስለዚህ መልሴ ጥበቃ ይቅር አይደለም፤ ፖሊስም ይቁም፣ ፎቶም ይነሳ፣ ውድ ዕቃ ያለው ሰው ዕቃውን ቤቱ ትቶ ፎቶውን ይዞ ይምጣ።

ሌላው ፍርሃት ከመንግሥት ነው። «ከተመዘገበ ይወሰድብኛል።» በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ያየ ቤተሰብ መዝገብ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሕጉ ግን እንደሚወራው አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም። ባለቤቱ በአግባቡ እንዲይዘው፣ ለሌላ ሰው ሲያስተላልፍ አስቀድሞ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ፣ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዛል። ይህን አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ትርዒቱ ላይ ቁጭ ብሎ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢያስረዳ፣ በአዋጅ ቋንቋ ሳይሆን በሰው ቋንቋ፣ ግማሹ ፍርሃት እዚያው ይቀራል።

ነባር ሰብሳቢዎች ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሠላሳ ዓመት ሰብስባችሁ ክፍሉን ቆልፋችኋል። ዝርዝር የለም፣ ፎቶ የለም፣ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው የእናንተ ጭንቅላት ብቻ ነው። ነገ እናንተ ስታልፉ ልጆቻችሁ የሚጠሩት ያንኑ ደላላ ነው። ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አስቡ። መነሻው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ፖላንዳዊ፣ ስታኒስላው ሆይናትስኪ፣ ያሰባሰባቸው ዕቃዎች ናቸው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ገንዘብ እያዋጣ ከአገር ሊወጡ የሚችሉ ቅርሶችን ለሙዚየሙ ገዝቷል። ሰብስቦ ማሳየት እንዲህ ነው። ክፍላችሁን በሙሉ አምጡ አልልም፤ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ አምጡ፣ ከጀማሪዎቹ ጋርም ተቀመጡ።

ጀማሪዎቹ ደግሞ ከዕቃ በፊት ወረቀት ሰብስቡ። ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ያለበት ጉርድ ፎቶ። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚቃጠለውም እሱ ነው። ሸክላም ጥሩ ነው። አምሃ እሸቴ በ1961 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ያሳተማቸውን ሸክላዎች ዛሬ የፈረንጅ ሰብሳቢ አገር ለአገር ያሳድዳቸዋል፤ እኛ ዘንድ የቡና ጀበና ማስቀመጫ ሆነው አይቻለሁ።

ከብራና ራቁ። በተለይ «ጥንታዊ» ተብሎ ከሚሸጥ ነጠላ ቅጠል። ብራናው አሮጌ፣ ጽሑፉ አሮጌ፣ ሥዕሉ ግን ዓምና የተሣለ ይሆናል፤ ለዚያች አንዲት ቅጠል ሲባል ደግሞ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ተገንጥሏል። የገዛ ሰው ቀጣዩን መጽሐፍ ያስገነጥላል። ሌላም ልጨምር፦ እባካችሁ ብር በአጃክስ አትፈግፍጉ! ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ደግሞ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዕቃውን እጃቸው ላይ አስቀምጡና ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ዕቃው ይቆያል፤ እሳቸውን ነው መቅደም ያለባችሁ።

በሉ እንግዲህ። ድንኳንና ወንበር ከእድራችን እጠይቃለሁ፤ ለለቅሶ ካልተፈለገ አይከለክሉንም። ግቢ የሚፈቅድ ርዕሰ መምህር፣ ማጉያ መነጽርና የግራም ሚዛን ያለው፣ ፎቶ ማንሳት የሚችል፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ አቀላጥፎ የሚጽፍ ልጅ እፈልጋለሁ። በኮሜንት «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብላችሁ አትለፉኝ፤ የምታመጡትን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።