ስለ አሻራ ካርድ ግዥ



የጣት አሻራ ካርድ ላየው ሰው ተራ ወረቀት ነው። ነገር ግን ለፖሊስ ሲገዛ «ዋጋ ያሳነሰው ያሸንፍ» ብቻ ከተባለ ዕዳው የኛ ነው። በካርዱ ላይ አሥሩም ጣት በየተራ እየተንከባለለ ያርፋል፤ ከታች ደግሞ ለማመሳከሪያ አራት አራቱ ባንድነት፣ አውራ ጣቶቹም ለብቻ ይታተማሉ። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ቀለሙ ይፈስና መስመሮቹ ይደባለቃሉ።

የመንዝን እጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ! ሞፈር የጨበጠ፣ የበግ ጠጉር ሲፈትል የኖረ፣ ብርድ የሰነጠቀው። መስመሩ ድሮውንም ደብዝዟል። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ ከአሥሩ ጣት ሌላ የዓይን ብሌንም ያነሳል። ጣት ቢያስቸግር ዓይን አለ። ካርዱ ግን ከጣት በቀር ምን አለው?

የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የካርዱን ስፋት እንኳ 8 በ8 ኢንች ብሎ ወስኗል። እኛ ዘንድ «አሻራህ አልታየም፣ ተመለስ» የተባለ ገበሬ የቀን ሥራውንም የመኪናውንም ይከፍላል፤ ይህ ወጪ በጨረታው ሰነድ ላይ አይጻፍም።

ስለዚህ ግዥ ሲፈጸም የካርዱ ናሙና አስቀድሞ በአራሽና በፈታይ እጅ ይሞከር እላለሁ፤ በቢሮ ጸሐፊ ለስላሳ ጣት አይደለም።