ካሜራው ያያል፤ በሩን የሚከፍተው ግን ጎረቤት ነው

ሀገር ቤት ለመሄድ ስንነሳ የምናደርገው ነገር ይመሳሰላል። ከሻንጣው ኪሎ ጋር እንታገላለን፣ የሰው አደራ እንሸክፋለን፣ በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ አንድ ካሜራ ገዝተን ሳሎን እንሰቅልና «ቤቴን ከስልኬ ሆኜ አየዋለሁ» ብለን አውሮፕላን እንሳፈራለን። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ ሳለ ምን ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድሜ አለማሰቤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ለገና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር፣ ለአምስት ሳምንት። ቦሌ እንደደረስኩ የአሜሪካውን ሲም አውጥቼ የሀገር ቤቱን አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከቀኑ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። «ሳሎን ውስጥ እንቅስቃሴ ታይቷል» ይላል። አፑን ስከፍተው አላስገባ አለኝ። ከሌላ ሀገር ስለምገባ ማንነቴን ላረጋግጥ፤ ኮዱም በጽሑፍ መልእክት ወደ አሜሪካው ቁጥሬ ተልኳል። ሲሙን ከቦርሳዬ ፈልጌ መልሼ አስገባሁት። ሮሚንግ ስላላስከፈትኩ ኮዱ አልመጣም። ሌባ እንዳይገባ ያቆምኩት ጥበቃ እኔኑ ውጭ አስቀረኝ።

በመጨረሻ የደወልኩት ከጎኔ ለሚኖሩት፣ እማማ ለምላቸው ጎረቤቴ ነው። አበባዬን ውሃ እንዲያጠጡልኝ ቁልፍ ትቼላቸው ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መልሰው ደወሉ፦ «ልጄ፣ ማንም የለም። ማሞቂያው መጋረጃህን እያወዛወዘው ነው። ቀነስኩልህ፣ ተኛ።»

ከዚያ ምሽት በኋላ አንድ አቋም ያዝኩ። ከቤት ስንርቅ የምንጠይቀው ጥያቄ «ማን ያያል?» ብቻ ከሆነ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል። ሁለት ጥያቄ ይቀራል፦ እኔ ከሩቅ ሆኜ መግባት እችላለሁ ወይ? አንድ ነገር ቢፈጠርስ ማን ይደርሳል?

በሙያችን ስለ ደህንነት ስንማር ሦስት ነገር ይነገረናል፦ መረጃው ሚስጥር ሆኖ ይቆይ፣ ማንም አይለውጠው፣ ባለቤቱ በፈለገው ሰዓት ያግኘው። ሦስተኛውን እንረሳዋለን። ሰርቨር ላይ ባክአፕ መሥራቱን ሳንሞክር አናምንም፤ የራሳችንን ቤት ግን ሳንሞክር ጥለን እንሄዳለን።

«እንግዲያው የማረጋገጫ ኮዱን ላጥፋው» የሚል ይኖራል። አታጥፉት። ያለ ጥበቃ የተተወ ካሜራ ራሱ ክፍት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ካሜራዎችንና ራውተሮችን እያሰሰ፣ 60 የሚሆኑ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን እየሞከረ ይገባባቸው ነበር። የጠለፋቸው መሣሪያዎች በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ዳይን በተባለው የዲኤንኤስ ድርጅት ላይ ዘምተው ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ገጾች ለብዙ ሰው እንዳይከፈቱ አደረጉ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስወርድን በሕግ ከልክላለች። ሆኖም የድሮ ኢሜይላችሁን ፓስወርድ ካሜራው ላይ ብትደግሙት ከዚያ የሚያድናችሁ ሕግ የለም። ከአንድ ቦታ የሾለከ ፓስወርድን ሌላ መቶ ቦታ የሚሞክር ፕሮግራም ለመጻፍ ትልቅ ችሎታ አይጠይቅም።

መፍትሔው ኮዱ የሚመጣበትን መንገድ መቀየር ነው። ኦተንቲኬተር አፕ ሲምም ኢንተርኔትም አይፈልግም። መጀመሪያ ስታገናኙት የተቀበለውን ሚስጥራዊ ቁልፍና የስልኩን ሰዓት ይዞ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያሰላል፤ ሰርቨሩም በበኩሉ ያንኑ ያሰላል። ሜሪላንድም ሁኑ መርካቶ ለውጥ የለውም። ስልኩ ራሱ ሊጠፋ ስለሚችል የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከስልኩ ለይታችሁ ያዙ። የካሜራው አገልግሎት ኦተንቲኬተር የማይቀበል ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሮሚንግ አስከፍቱ።

ከዚያ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ልምምድ አድርጉ። ሲሙን አውጡ፣ ከቤታችሁ ዋይፋይ ውጡ፣ ገብታችሁ በማታውቁት ስልክ ካሜራችሁን ለመክፈት ሞክሩ። እግረ መንገዳችሁን የካሜራውንና የራውተሩን አፕዴት ጫኑ። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ እኔ ያቺን አንድ ሰዓት ቆጥቤ አንድ ምሽት ከፈልኩባት።

ሰውም ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ደብዳቤያችሁን ይዞ የሚያቆየው ቢበዛ 30 ቀን ነው፤ የእኛ ጉዞ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል። የሞላ የፖስታ ሣጥን ባለቤቱ እንደሌለ ለአላፊ አግዳሚው ይናገራል። ካሜራው ሣጥኑን ያሳያችኋል እንጂ አያራግፈውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

አሁን ለእናንተ ለገንቢዎቹ። የብዙዎቻችንን ቁልፍ የሚይዙት እንደ እማማ ያሉ፣ በአማርኛ የሚያነቡ ሰዎች ናቸው። እኔ የገዛሁት አፕ ጎረቤቴን ልጨምር ስል የራሴን ፓስወርድ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ማሳወቂያውም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሠራ የእንግዳ ፈቃድ፣ «ሳሎን ውስጥ እንቅስቃሴ አለ፤ ሄደው ይዩ» የሚል አንድ የአማርኛ መልእክት፣ «አይቻለሁ፣ ሰላም ነው» የሚል አንድ ቁልፍ መሥራት ከባድ አይደለም። ማሳወቂያው መድረስ ያለበት ለመድረስ ለሚችለው ሰው ነው። እኔ በዚያ ምሽት 11 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ ነበር፤ እማማ ግን በሩ ጋ ነበሩ።

ዘንድሮም ለመሄድ አስቤያለሁ። ሲሜን አውጥቼ ሞክሬያለሁ፣ ይሠራል። ለእማማ ደግሞ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን የሀገር ቤቱን ስልክ ቁጥሬን ጭምር በትልቁ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ።

መልካም ጉዞ።