ነጻ ወሊድ ስንት ያስከፍላል?

እርጉዝ ሴት አይቶ ምርቃት የሚነፍግ ሰው አገራችን ውስጥ የለም። የታክሲው ረዳት ሳይቀር ጋቢና ቦታ አስለቅቆላት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። ስትገላገል ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያልን በየተራ እንገባለን፤ ገንፎውን ከነቅቤና በርበሬው እናጣጥማለን፤ ሕፃኑ ማንን እንደሚመስል ተከራክረን እንወጣለን። በሁለቱ ምርቃቶች መካከል ስንት ብር እንደወጣ፣ ከማንስ እንደተበደሩ ግን አንጠይቅም። ነውር ነዋ! አንዱ ደፍሮ ቢጠይቅ እንኳን መልሱ የታወቀ ነው፤ «ወሊድ እኮ ነጻ ነው!»

ዛሬ ብዕር ያስጨበጠችኝ ይህቺ «ነጻ» የምትባል ቃል ናት።

አስቀድሜ ለሚገባው ምስጋናውን ልስጥ። በመንግሥት ጤና ተቋማት ማዋለድ ያለ ክፍያ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተከናወኑት 5 ብቻ ነበሩ። በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት 48 ደርሰዋል። በመጀመሪያው ጥናት ዘመን ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። ለዚህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያንኳኩት በር፣ ለየወረዳው የታደለው አምቡላንስ፣ በየጤና ጣቢያው ግቢ ገንፎ እየተገነፋ፣ ቡና እየተፈላ ቀን የሚጠበቅበት የእናቶች ማቆያ ድርሻ አላቸው። ይህን መካድ ምስጋና ቢስነት ነው።

ታዲያ ነጻ የሆነው ምኑ ነው? ካርዱ፣ አልጋውና የአዋላጇ እጅ ነው።

ባለፈው ዓመት የታናሽ ወንድሜ ሚስት ስትወልድ የመድኃኒት ማዘዣ ይዤ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። (በየቤተሰቡ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አንድ ሰው አለ። እኛ ቤት እኔ ነኝ።) ምጡ የመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አምቡላንስ ብንጠራ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል ተባልን፤ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ጤና ጣቢያ ስንደርስ የልጁ የልብ ምት አላማረንም ብለው ወደ ሆስፒታል ጻፉላት፤ ሌላ ኮንትራት። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። እዚያ ጓንት አልቋል። ላብራቶሪው ኬሚካል የለውም፤ «ውጭ አሠርታችሁ አምጡ»። አልትራሳውንዱ ተበላሽቷል፤ «ውጭ»። መርፌውም፣ ግሉኮሱም «ከውጭ»። የእሷ ደም ኔጌቲቭ፣ የሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ተገኘና የሾተላይ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋ ተባለ። ከፋርማሲ ፋርማሲ ስዞር ዋልኩ። ያገኘሁበት ፋርማሲ የጠየቀኝን ሳልከራከር ከፈልኩ፤ በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚከራከር ሰው ካለ ልየው! ሕፃኑ ማሞቂያ ክፍል 4 ቀን ተኛ። እኛም 4 ቀን በረንዳ ላይ፣ ከነፔርሙሱ፣ ከነሳህኑ።

ቤት ገብተን ኪሴን ባራግፍ 14 ደረሰኝ ወጣ። አንዱን ከአንዱ እያገላበጥኩ አነበብኩ። «ወሊድ» የሚል ቃል የተጻፈበት አንድም የለም። ሆስፒታሉ ለወሊድ ብሎ የተቀበለን ቤሳ ቤስቲን አልነበረም። እውነት ነው፤ ነጻ ነው!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሂሳቡ በ14 ቦታ ስለተበታተነ ደማሪ የለውም። መንግሥት በሪፖርቱ «ነጻ አገልግሎት» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ፋርማሲው «የመድኃኒት ሽያጭ» ይለዋል፤ ባለታክሲው ከነጭራሹ አይመዘግበውም። ሁሉን የሚደምረው ያ ደመወዙን አስቀድሞ የተበደረው አባት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወግ ይዞት አይናገርም።

«ለምን የግል ሆስፒታል አልወሰዳችኋትም?» የሚለኝ አይጠፋም። እስቲ እዚያም እንግባ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ሆስፒታል መውለድ፣ በተለይ ኦፕራሲዮን ከመጣ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ነው፤ ከበሩ ላይ የሚጠየቀው ዲፖዚት ራሱ የብዙ ሰው የወራት ደመወዝ ነው። «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል ዕድለኛ አለ፤ ባንክ፣ አየር መንገድ ወይም የውጭ ድርጅት ይሠራል። እሱም ቢሆን ውሉን ገልጦ ያንብበው። ወሊድ ብዙ ጊዜ ለብቻው ጣሪያ ተበጅቶለታል። ጣሪያው በምጥ ለሚሆነው ወሊድ ይበቃ ይሆናል፤ ኦፕራሲዮን ሲመጣ ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ለትራፊክ አደጋ፣ ለትርፍ አንጀት እንዲህ አይሰስቱም። ወሊድ ሲሆን ግን «ፈልጋችሁ ነው» የምትል ሽሙጥ ከውሉ መስመሮች መካከል ብቅ ትላለች።

ኦፕራሲዮን ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ጥናት በአገር ደረጃ በቀዶ ጥገና የተወለዱት ከ100 ሕፃናት 2 ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ 21። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መግለጫ፣ በሕዝብ ደረጃ ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት ከመቀነስ ጋር ግንኙነት እንደማይታይበት ተናግሯል። ገጠር ያለችው ኦፕራሲዮን አጥታ ትሞታለች፤ ከተማ ያለችው ሳያስፈልጋት ትቀደድ ይሆናል። ሐኪሞቹ ለገንዘብ ብለው ይቀዳሉ እያልኩ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴትና የደነገጠ ባሏ ግን «ለምን?» ብለው የሚጠይቁበት አቅም የላቸውም። መድን ሰጪ ቢኖር ኖሮ የሚጠይቅላቸው እሱ ነበር፤ ከፋይ ነውና።

መድን ስል ለካ ሕግ አለን! የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ ያዋጣሉ ተብሎ ደንብ ተጻፈለት። ከዚያማ «በመጪው ሐምሌ ይጀመራል» ሲባል ስንት ሐምሌ አለፈ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ደመወዝተኛው ራሱም እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም፤ «መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል ለመታከም ለምን አዋጣለሁ?» ብሎ አጉረመረመ። ግማሹ ትክክል ነው፤ እኔ የዞርኩባቸው ፋርማሲዎች ይመሰክራሉ። ግን ባለማዋጣቱ ምን አተረፈ? ያው ገንዘብ ይወጣል። በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ መውጣቱ ቀርቶ በክፉ ሌሊት፣ በአንድ ጊዜ፣ በብድር ይወጣል።

የሚገርመው ገበሬው ቀድሞናል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በየወረዳው ተስፋፋ። የእሱም ካርድ የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ወረቀት ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ካርድ አለው፤ «የከፈልኩበትን አምጡ» ብሎ የሚቆጣበት። ከተማ ውስጥ ክራባት አስሮ ቢሮ የሚገባው ሰው ግን ይህ ካርድ አይሰጠውም፤ ደመወዝተኛ ነዋ፣ የእሱ መድን ያ ሐምሌ የሚጠበቀው ነው። የድሃ የነጻ ሕክምና ወረቀት ከቀበሌ አያጽፍ፣ ደመወዝ አለው። የኩባንያ ኢንሹራንስ የለው። እንግዲህ እቁቡን ቀድሞ እንዲያወጣ ዳኛውን ይለምናል።

ስለ እናቲቱ ደመወዝም እናንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 በ1996 ዓ.ም ለወላድ የሰጠው 90 ቀን ነበር። አዋጅ 1156 በ2011 ዓ.ም ወደ 120 ቀን አሳደገው፤ ለአባትየውም 3 ቀን ጨመረ። ጥሩ ነው። ግን የ120 ቀኑን ደመወዝ ማን ይከፍላል? አሠሪው፣ ብቻውን። የጡረታ አዋጁ ከግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይሰበስባል፤ ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳት፣ ለሞት። ለወሊድ ግን ከዚያ ቋት አንድ ሳንቲም አይወጣም። አምስት ሠራተኛ ያለው የስፌት ቤት ባለቤት ቃለ መጠይቅ ላይ «አግብተሻል?» ብሎ የሚጠይቀው ክፉ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የአገርን ዕዳ ብቻውን ስላሸከምነው ነው። ያ ጥያቄ ሥራ ያሳጣት ልጅ ግን የወሊዱን ዋጋ ገና ሳታረግዝ ከፍላዋለች። የቤት ሠራተኞችንማ ሕጉ ከመጀመሪያውም አልቆጠራቸው፤ ሆዳቸው ሲገፋ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በቃ።

«ድሃ አገር ነን፤ ምን ይደረግ?» የሚል አመለኛ መልስ አለ። አሜሪካ ድሃ አይደለችም። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ። ፒተርሰንና ኬኤፍኤፍ የተባሉት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በትልልቅ አሠሪዎች በኩል ኢንሹራንስ ያላት ሴት እርግዝናዋ፣ ወሊዷና ድኅረ ወሊዷ በአማካይ 18,865 ዶላር ሲያስወጣ፣ ኢንሹራንስ እያላት ከኪሷ የምትከፍለው 2,854 ዶላር ነበር። ከ2014 በፊትማ በግሏ ኢንሹራንስ ልትገዛ የሄደችን እርጉዝ «ቀድሞ የነበረ የጤና ችግር አለብሽ» ብሎ መመለስ በብዙ ግዛቶች ይቻል ነበር። ልጅ መያዝ እንደ በሽታ! በሌላ በኩል ጋና ሀብታም አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2008 እርጉዝ ሴቶች መዋጮ ሳይከፍሉ የብሔራዊ ጤና መድኑ አባል እንዲሆኑ ወሰነች፤ የመድኑ ዋና ገቢ ደግሞ ከሽያጭ ላይ የሚሰበሰብ 2.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ድህነትን ምክንያት አድርገን አንሸሽ።

ደግሞስ መዋጮ የማናውቅ ሕዝብ ነን እንዴ? እድርን የፈጠርን እኛ! ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ ይወጣል፤ ገንዘቡ በዕለቱ ለቤተሰብ ይሰጣል። ማንም «ደረሰኝ አምጡ» አይልም። ማንም «መሞቱን ፈልጎ ነው ወይ?» አይልም። ለመቃብር እንዲህ ተደራጅተን ለማዋለጃ ክፍል በር ግን እያንዳንዳችን ብቻችንን እንቆማለን።

ይህንኑ በሰፈራችን እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አባል ቤት ልጅ ሲወለድ ለሞት ከሚሰጠው ግማሹ ይሰጥ አልኩ። ቤቱ ሳቀ። ገንዘብ ያዡ ተነስተው «ወንድሜ፣ ሞት የእግዜር ሥራ ነው፤ ይሄ ግን የሰው ሥራ ነው። ብር አለው ከተባለማ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ሊጀምር ነው!» አሉ። ሳቁ ደገመ። ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፤ ከጥንትም ገንዘብ ጠይቆ የተወለደ የለም» አሉ።

«ጋሼ፣ በዕድላቸው ያላደጉትን እኮ እኛው ነን የቀበርናቸው» አልኳቸው። «ከነእናታቸው የቀበርናቸውም አሉ። ለዚያኛው ግን እድሩ ከፍሏል።»

ይህን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። አዳራሹን ዞር ብዬ አየሁት። ሴቶቹ የራሳቸው እድር አላቸው፤ ወሊድ ላይ ልንወስን የተሰበሰብነው ሁላችንም ወንዶች ነን። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ጉዳዩ ጥናት ስለሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ጉባኤ ይተላለፍ አሉ። የሚቀጥለው ጉባኤ ከዓመት በኋላ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ብቻ እስከዚያ የሚወልዱ ሦስት ሴቶች አውቃለሁ። ስወጣ ቃለ ጉባኤውን በጸሐፊው ትከሻ ላይ አይቼ አነበብኩት፤ የድንኳኑ ሸራ ዕድሳት ተራ ቁጥር 2 ላይ ሰፍሯል፤ የእኔ ሐሳብ መጨረሻ ላይ፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር።